ሰኔ ላይ የሚያልቅ ብር፣ ነሐሴ ላይ የሚጎድል ደም

እዚህ የምጽፈውን ነገር ድሬዳዋ ውስጥ በጤናና በበጀት ሥራ የቆየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ማይክሮፎን ሲያዝ ግን አይነገርም። የሚነገረው ከስብሰባ በኋላ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ሥር ቡና ሲጠጣ፣ ግራና ቀኝ ታይቶ ነው። ስሜን አልጽፍም፤ የመሥሪያ ቤቶቹንም ስም አልጠራም። ማንንም ማሳጣት አልፈልግም። የምፈልገው ብሩ ሥራ ወደሚሠራበት ቦታ እንዲሄድ ነው። ብር የምለው ደም፣ የዓይን ብሌንና ሌላ የአካል ክፍል ስለመለገስ ሕዝብን ለማስተማር ከመንግሥት ካዝና የሚወጣውን ነው። ወጣ ከተባለ።

ከሥሩ ልጀምር። በመንግሥት የሂሳብ መደብ ውስጥ «የልገሳ ትምህርት» የሚባል ኮድ የለም። 6213 ህትመት ነው፣ 6217 ነዳጅና ቅባት፣ 6231 ውሎ አበል፣ 6233 መስተንግዶ፣ 6253 ማስታወቂያ፣ 6271 የሀገር ውስጥ ሥልጠና። ሰው ደም እንዲሰጥ ወይም ከሞቱ በኋላ ዓይኑን እንዲለግስ ለማስተማር ያቀደ ባለሙያ ዕቅዱን ቆራርጦ በእነዚህ ኮዶች ውስጥ መበተን አለበት። ከተበተነ በኋላ ማንም መልሶ አይሰበስበውም። ዓመቱ ሲያልቅ ነዳጁ በነዳጅነቱ፣ አበሉ በአበልነቱ ይወራረዳል እንጂ «በዚህ ገንዘብ ስንት ሰው ለጋሽ ሆነ?» የሚል ዓምድ በሪፖርቱ ላይ የለም።

የበጀት ስሚ ላይ ተቀምጬ ያየሁትን ላሳያችሁ። ወሩ ግንቦት ነው፤ የድሬን ግንቦት ለምታውቁ ስለ ሙቀቱ አልነግራችሁም። ማራገቢያው ይዞራል፣ ሰዉ በወረቀት ያራግባል፣ ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውሃና የዕቅድ ጥራዝ ተደርድሯል። ሰብሳቢው ገጹን ገልጠው እርሳሳቸውን አንድ መስመር ላይ አሳረፉ።

«ይሄ ግንዛቤ ማስጨበጫ የምትሉት ባለፈው ዓመት አልተሠራም?»

«ተሠርቷል ጌታዬ።»

«ታዲያ እስካሁን ግንዛቤው አልተያዘም ማለት ነው?»

ሰው ሳቀ። መስመሩ በግማሽ ተቆረጠ። ወደሚቀጥለው ገጽ ታለፈ።

በሰብሳቢው መፍረድ ግን ይከብደኛል። ደመወዝ አለ፣ መድኃኒት አለ፣ የተበላሸ አምቡላንስ አለ፤ ከየት አምጥተው ይስጡ? ደግሞም እኛ በጀት ጠያቂዎቹ ያቀረብነው ሪፖርት «ለይህን ያህል ሰው ግንዛቤ ተፈጥሯል» ይላል፤ ከእነዚያ ሰዎች ስንቱ ክንዱን እንደዘረጋ አይልም። ውጤቱ ያልተጻፈ ሥራ መጀመሪያ ይቆረጣል። እኔ በእሳቸው ወንበር ብቀመጥም ያንኑ መስመር የምቆርጥ ይመስለኛል።

ከመቆረጥ የተረፈው ብር ወዴት እንደሚሄድ ደግሞ እነሆ። የዓለም የደም ለጋሾች ቀን በፈረንጆቹ ጁን 14፣ በእኛ ሰኔ 7 ይውላል። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል። እነዚህን ሁለት ቀኖች አጠገብ ለአጠገብ ስታስቀምጧቸው ሌላ ማስረዳት አያስፈልግም። ዓመቱን ሙሉ «ይቆይ» ሲባል የከረመ ብር ሰኔ ላይ «ቶሎ ተጠቀሙበት፣ ተመላሽ እንዳይሆን» ይባላል። ባነር ይታዘዛል፣ ቲሸርት ይታተማል፣ አዳራሽ ይያዛል፣ የግማሽ ቀን መድረክ ይዘጋጃል። ባነሩና ቲሸርቱ ላይ ዓመተ ምሕረቱ ጎላ ብሎ ስለሚታተም በሚቀጥለው ዓመት አይደገሙም፤ እንደገና ይታተማሉ። አዳራሹ ውስጥ የሚቀመጡት ደግሞ ባለፈው ወር ስለ ሌላ ጉዳይ በተጠራ መድረክ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ናቸው። ፈርመው አበላቸውን ይወስዳሉ። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ብዙዎቹ ደም ይሰጣሉ። ቀድሞውንም የሚሰጡ ናቸውና ለእነሱ ማስተማሪያ አያስፈልጋቸውም ነበር።

ከዚያ ሐምሌ ይገባል። ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወደየቤቱ ይበተናል። በሀገራችን የደም ልገሳ ጀርባ አጥንት ተማሪ መሆኑን ሥራውን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል፤ አንድ ትምህርት ቤት ገብቶ መውጣት በየመንደሩ ለቀናት ከመዞር ይበልጣል። ክረምት ሲመጣ ያ ምንጭ ይነጥፋል። በጋ ላይ የተሰበሰበውን አስቀምጦ ክረምቱን ማሳለፍም አይቻልም። ቀይ የደም ሴል በማቀዝቀዣ ውስጥ የሚቆየው ከ35 እስከ 42 ቀን ነው፤ ፕሌትሌት ደግሞ 5 ቀን ብቻ። በሰኔ 7 በዓል ላይ የተለገሰ ደም ነሐሴ አጋማሽ ላይ የለም።

በዚያ ላይ አዲሱ በጀት ሐምሌ 1 ተጀመረ ቢባልም ብሩ ወዲያው እጅ አይገባም። በጀቱ ይጸድቃል፣ ይከፋፈላል፣ የድርጊት መርሐ ግብር ይጠየቃል፣ ይታያል፣ ይመለሳል። ለጋሽ በጠፋበት ወቅት ለጋሽ የሚፈልገው ሰው መኪናውን የሚያንቀሳቅስበት ነዳጅ የለውም። ሥራው ላይ ያሉት ሰዎች በጆሮ የሚነጋገሩት ዋናው ነገር ይኸው ነው፤ ብዙ ጊዜ ደሙም ብሩም የሚጠፉት በአንድ ወቅት ነው።

የድሬዳዋን ክረምት ደግሞ አስታውሱ። የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደው በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ቺኩንጉኒያ ከተማውን ሲያስተኛው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ታመመ፤ ትኩሳት ያለበት ሰው ደግሞ ደም አይለግስም። በ2014 ዓ.ም. ከሚያዝያ ጀምሮ ወደ ክረምቱ የዘለቀው ወባ አኖፊለስ ስቴፈንሳይ በተባለችው፣ ከተማ ውስጥ በውሃ ማጠራቀሚያ በምትራባው ትንኝ የመጣ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲውንም ነክቷል። ወባ ደም ያሳንሳል፤ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ደም ይፈልጋሉ። ፈላጊው በሚበዛበት ወቅት ሰጪው ይታመማል ወይም ከተማውን ለቆ ይሄዳል።

ስለዚህ የትምህርቱ ብር ለክረምቱ መዋል አለበት ብዬ እሟገታለሁ። ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል ነው፤ ከየአገሩ የሚመጣው ምእመን ብዙው በእኛ ከተማ በኩል ያልፋል። በዚያ ሳምንት አንድ ድንኳን፣ ሁለት ነርስ፣ ቋንቋ የሚችል አንድ ቀስቃሽና በረዶ ያለበት ሳጥን ምን ያህል እንደሚያመጡ ለመገመት አዋቂ መሆን አያስፈልግም። ይህን ሐሳብ ዕቅድ ላይ አስፍሮ ማስጸደቅ ግን ፈተና ነው፤ ነዳጁ ከ6217፣ አበሉ ከ6231 መውጣት ሲኖርበት ሁለቱም ሐምሌ ላይ ገና ዜሮ ናቸው።

ረመዳንም እንዲሁ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የድሬዳዋ ሕዝብ 341,834 ነበር፤ ከመቶ 70.9 እጁ ሙስሊም። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሀገር መሠረታዊ የደም ፍላጎቱን ለመሸፈን ቢያንስ ከሕዝቡ አንድ በመቶው መለገስ አለበት ይላል፤ በዚያ ዓመት ቁጥር ብቻ ብናሰላው እንኳ በዓመት 3,400 ከረጢት ገደማ ነው። ዛሬ ሕዝቡ ከዚያ በጣም በልጧል። በጾሙ ወር ቀን ላይ ማን ክንዱን ይስጣችሁ? ማታ ግን፣ ከፍጥርና ከተራዊሕ በኋላ፣ ድሬ እንደገና ትነቃለች። መጋላ፣ ደቻቱ፣ አዲስ ከተማ በሰው ይሞላሉ፤ ሰው ጠግቦ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ልቡ ለበጎ ሥራ ተከፍቶ ይገኛል። እንቅፋቱ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ነው። ማታ የሚሠራ ነርስ ሊከፈለው ይገባል፤ «ትርፍ ሰዓት ተከልክሏል» የሚል ደብዳቤ ደግሞ በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ለአንድ ወር ማታ ማታ የሚሠራ ቡድን የሚያስፈልገው ክፍያ የአንድ አዳራሽ መድረክ ወጪ አይሞላም።

አሁን ድምፄን ትንሽ ዝቅ ላድርግ፤ ሥራውን በትክክል የሚሠራው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ። ቀስቃሽ የምንላቸው ሰዎች ናቸው። ለጋሽ ፈልገው የሚያመጡ፣ ሦስት ወር ሲሞላው «አሁን ደርሰሃል» ብለው የሚደውሉ። የሚደውሉት በራሳቸው ካርድ ነው። 6258 የተባለው የስልክ በጀት የቢሮውን መደበኛ ስልክ ይከፍላል፤ የቀስቃሹን ሞባይል አይከፍልም። አንድ ጊዜ የለገሰን ሰው በስልክ መልሶ ማምጣት አዲስ ሰው ከማሳመን በብዙ ይረክሳል፤ ሰውየው ፍርሃቱን አሸንፏል፣ ደሙ ተመርምሮ ታውቋል። ለዚያ ስልክ የሚሆን ብር ግን በየትኛውም መስመር ላይ የለም።

አንድ ቀን ቀፊራ ገበያ አጠገብ ከአንድ ቀስቃሽ ጋር ነበርኩ። ግድግዳ ተደግፎ የተቀመጠ ወጣት ጠራት።

«አቦ፣ እኛ በነፃ ሰጥተን እናንተ ትሸጡታላችሁ አሉ።»

አልተቆጣችም። አጠገቡ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ከረጢቱ ላይ የሚለጠፈው ስም ሳይሆን ቁጥር መሆኑን ነገረችው። ለኤች አይ ቪ፣ ለጉበት ቫይረስ ቢ እና ሲ፣ ለቂጥኝ እንደሚመረመር፣ ከዚያ በቅዝቃዜ ተይዞ ድል ጮራ ወይም ሳቢያን ሆስፒታል እንደሚደርስ ነገረችው። ደሙ ለበሽተኛ አይሸጥም አለችው። ከዚያ ወሬውን ትታ ጠየቀችው፤ «እኅት አለችህ?» አለችኝ አለ። «ወልዳለች?» ወልዳለች። «ስትወልድ ደም ፈሷት ያውቃል?» ዝም አለ። ከዚያ በኦሮምኛ ቀጠሉ፤ ግማሹን አልሰማሁትም። ተነሥቶ ሲሄድ ስልክ ቁጥሯን ይዟል። በሚቀጥለው ሳምንት ከሁለት ጓደኞቹ ጋር መጣ።

ያ ውይይት ግማሽ ሰዓት ፈጅቷል። በመንግሥት ሪፖርት ቋንቋ «ለ1 ሰው ግንዛቤ ተፈጠረ» ነው፤ ማንም አይጽፈውም። በአማርኛ ብቻ የታተመው በራሪ ወረቀት ግን በሺዎች ተቆጥሮ «ተሠራጭቷል» ይባላል፤ አፉን በሶማልኛ ወይም በኦሮምኛ የፈታ ሰው አነበበው አላነበበው የሚጠይቅ የለም። ድሬዳዋ በብዙ ቋንቋ የምትኖር ከተማ ናት። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ስንት ጉዳይ ተወርቶ እንደሚያድር ነዋሪው ያውቃል። ጫት አትቃሙ ብዬ ለመምከር አልመጣሁም፤ ወንዱ ያለው እዚያ ከሆነ ትምህርቱም ወደዚያ ይሂድ ነው የምለው።

ይህን ሥራ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ማን ሲከፍልለት እንደነበር ማወቅም ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ የደም ባንክን የጀመረው ቀይ መስቀል ነው፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ። ወደ ጤና ሚኒስቴር የተላለፈው በ2004 ዓ.ም. ነበር። ያን ጊዜ አብዛኛው ደም የሚገኘው ከቤተሰብ በምትክ ነበር፤ በሽተኛ ሲገባ ዘመድ ተጎትቶ መጥቶ ይሰጥ ነበር። ወደ ፈቃደኛ ለጋሽ የተሸጋገርነው በብዙ ልፋት ነው፤ ለዚያ ልፋት ከፍተኛውን ወጪ ከሸፈኑት አንዱ ፔፕፋር የተባለው የአሜሪካ መንግሥት ፕሮግራም ነው። ኢትዮጵያ ፔፕፋር ለደም ደኅንነት ድጋፍ ከሰጣቸው 14 ሀገሮች አንዷ ነበረች። መኪናው፣ ሥልጠናው፣ በራሪ ወረቀቱ፣ ብዙው ከዚያ መጣ። በ2017 ዓ.ም. ጥር አሜሪካ የውጭ ዕርዳታዋን ስታቆም በየጤና ተቋሙ የተፈጠረውን ድንጋጤ አስታውሳለሁ። ያኔ ብዙ ሰው ያልጠበቀው ነገር ታየ፤ የመንግሥት በጀት ውስጥ ለማስተማሩ ሥራ የራሱ የሆነ ቦታ አልነበረውም። ዕርዳታው ለረጅም ጊዜ ስለሸፈነው ማንም ቦታ አላዘጋጀለትም።

ወደ ዓይኑ ልምጣ። ብዙ የድሬ ሰው «ዓይኔን ለግሻለሁ» ብሎ ቃል ገብቷል ወይም መግባት ይፈልጋል። የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ በ1995 ዓ.ም. ኦርቢስ በተባለው የዓይን ሕክምና ድርጅት ድጋፍ አዲስ አበባ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ውስጥ ተመሠረተ፤ ቃል ከገቡት መካከል የቀድሞው ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደጊዮርጊስ ይገኙበታል። ዛሬ የደሙና የሕብረ ሕዋሱ ሥራ የኢትዮጵያ ደምና ሕብረ ሕዋስ ባንክ አገልግሎት በሚባል አንድ ተቋም ሥር ነው። ፍላጎቱ ከባድ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው ሀገር አቀፍ ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ነበር፤ ከዚህ ውስጥ በትራኮማ ምክንያት የዓይን ብሌኑ ጠባሳ ያወጣበት 11.5 በመቶ፣ በሌላ የብሌን ጠባሳ 7.8 በመቶ። በትራኮማ ለተጎዳ ዓይን ንቅለ ተከላው ሁልጊዜ እንደማይሳካ መናገርም ግዴታ ነው፤ ሽፋሽፍቱና የዓይኑ እርጥበት ቀድሞ ከተበላሸ አዲሱ ብሌን አይቆይም። ያም ሆኖ ተራው እስኪደርስ በጨለማ የሚጠብቅ ብዙ ሰው አለ።

እዚህ ጋር ሰው የማያውቀው ሹክሹክታ አለ። ቃል መግባት ብቻውን ዓይን አያመጣም። ብሌኑ ሰው ከሞተ በኋላ በሰዓታት ውስጥ መወሰድ አለበት፤ በሙቀት አገር ስድስት ሰዓት ብለን ብንይዝ ይሻላል፣ አስከሬኑ ከቀዘቀዘ ትንሽ ይረዝማል። ከተወሰደ በኋላ በማቆያ ፈሳሽና በቅዝቃዜ እስከ ሁለት ሳምንት ይቆያል፤ ከድሬዳዋ አዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ስለሆነ ጉዞው ችግር አይደለም። ችግሩ እነዚያ የመጀመሪያ ሰዓታት ናቸው። ሟች ቃል መግባቱን ቤተሰቡ ያውቃል? የሚደወልበትን ቁጥር ያውቃሉ? የሚወስደው ሰው የሠለጠነ ነርስ ወይም ቴክኒሺያን መሆን ይችላል፤ የዓይን ሐኪም መሆን የለበትም፤ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ሥራ ነው፣ የሟቹም ፊት አይለወጥም። ያን ሰው ድሬዳዋ ውስጥ አሠልጥኖ፣ ሌሊትም ቢሆን ስልኩን የሚያነሣ ተረኛ ማድረግ ከትልቅ ዘመቻ የበለጠ ፍሬ አለው። የቃል መግቢያ ካርድ ማስሞያ መድረክ ግን ፎቶ አለው፣ ዜና አለው፤ ሌሊት ተረኛ የሚሆን ነርስ ፎቶ የለውም። የሚፈቀደውም ፎቶ ያለው ነው።

በእኛ ከተማ ሙስሊም ሟቹን በዚያው ቀን ይቀብራል፤ ክርስቲያኑም ሙቀቱን አይቶ አያዘገይም። ስለዚህ ሞት ሲደርስ መጀመሪያ የሚሰማው ማን ነው? እድርና፣ በሙስሊሙ ዘንድ እንደ እድር ያለው መረዳጃ፣ አፎሻ ናቸው። ሆስፒታሉ ሳያውቅ የእድሩ ጥሩምባ ይነፋል፣ የአፎሻው ሰው ከፈን ይዞ ይመጣል። ለዓይን ልገሳ ከሚወጣው የትምህርት ብር ግማሹ ለእድር ዳኞችና ለአፎሻ ሽማግሌዎች ቢውል የድሬዳዋ ጉዳይ ይለወጣል ብዬ አምናለሁ። እነሱ ካመኑበት ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት ለቤተሰቡ አንድ ቃል መናገር ይችላሉ፤ ካላመኑበት ግን የትኛውም ቢልቦርድ ያን በር አይከፍተውም።

የሃይማኖቱን ጥያቄ ሸፋፍኖ ማለፍም አይሠራም። እናቶች «ጎዶሎ አካል ይዤ እንዴት እነሣለሁ?» ይላሉ። ይህን ጥያቄ መመለስ ያለበት ካህን ነው፤ የጤና ባለሙያ አይመልሰውም። በሙስሊሙ በኩል በእስላማዊ ትብብር ድርጅት ሥር ያለው ዓለም አቀፍ የእስልምና ሕግ (ፊቅሕ) አካዳሚ ጅዳ ላይ በ1988 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የአካል ንቅለ ተከላን በግልጽ ቅድመ ሁኔታዎች ፈቅዷል፤ የሳዑዲ ዐረቢያ ታላላቅ ዑለማዎች ምክር ቤትም ከዚያ ስድስት ዓመት ቀድሞ ፈቅዷል። ብዙ የድሬ ቤተሰብ ይህን ሰምቶ አያውቅም። ኢማሞቻችን በጁምዓ ኹጥባ ቢያነሡት የሚያስወጣው ብር የለም፤ የሚፈልገው አንድ ሰው አክብሮ ቤታቸው ሄዶ፣ ጫማውን አውልቆ ተቀምጦ እንዲያወያያቸው ነው። ይህን ሰው ግን ማን ይልከዋል? በየትኛው አበል?

ስለ ኩላሊት አጭር ነገር ልበል። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የንቅለ ተከላ ማዕከሉ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ጋር ነበር፤ ሥራውም የተገነባው በሕይወት ካለ የቅርብ ዘመድ በሚለገስ ኩላሊት ላይ ነው። ከድሬዳዋ የሚሄድ በሽተኛ እዚያ ሲደርስ የሚጠየቀው ጥያቄ «ወንድም አለህ? እኅት አለሽ?» ነው። ስለዚህ የኩላሊት ትምህርት ማለት በቤተሰብ ውስጥ ስለሚደረግ ውይይት ማስተማር ነው፤ አካል መሸጥና መግዛት ወንጀል መሆኑንም ጨምሮ፣ ድህነት ያጠቃውን ሰው የሚያታልል ደላላ እንዳይመጣ። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የጤና አገልግሎት አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ለአካልና ሕብረ ሕዋስ ልገሳ ሰፋ ያለ መንገድ ከፍቷል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ሰው ስለ አካሉ የሰጠውን ቃል በማንኛውም ጊዜ መሻር እንደሚችል ይደነግጋል፤ ይህን ብዙ ሰው ቢያውቅ ቃል ለመግባት ያለው ፍርሃት ይቀንስ ነበር።

ብር ወዴት ይሂድ ለሚለው ስፔንን ልጥቀስ። ስፔን ብሔራዊ የንቅለ ተከላ ድርጅቷን በፈረንጆቹ 1989 አቋቁማ ከሟች በሚገኝ ልገሳ ለብዙ ዓመታት ከዓለም ቀዳሚ ሆናለች። ዋናውን ወጪ ያደረገችው በማስታወቂያ ላይ አልነበረም። በየሆስፒታሉ ውስጥ የልገሳ አስተባባሪ መደበች፤ አብዛኞቹ የፅኑ ሕሙማን ክፍል ሐኪሞች። ሰው ሲሞት ከቤተሰቡ ጋር የሚነጋገር፣ ለዚያ ንግግር የሠለጠነ ሰው። እኛ የስፔን ገንዘብ የለንም። ድል ጮራ ውስጥ ግን ከድሬ ብቻ ሳይሆን ከሐረርጌና ከሶማሌ ክልል አጎራባች ወረዳዎች ጭምር በሽተኛ ይገባል፤ እዚያ አንድ ለዚህ ሥራ ብቻ የተመደበ፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ የሚናገር ሰው ማስቀመጥ የአንድ የሥራ መደብ ጉዳይ ነው። አንድ ደመወዝ። የሚገባው ከ6111 ነው፣ ቋሚ ሠራተኛ። ሰኔ ላይ ተመላሽ አይሆንም፣ ሐምሌም ላይ አይቋረጥም።

ይህን ሐሳብ ለአለቆች ሳነሣ ሁለት መልስ አግኝቻለሁ። አንዱ «የፌዴራሉ ሥራ ነው» ይላል፤ ሌላው «የከተማ አስተዳደሩ ሥራ ነው» ይላል። ድሬዳዋ በቻርተር የምትተዳደር፣ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት የሆነ ከተማ ስለሆነች ሁለቱም የሚሉት ግማሽ እውነት አለው። መስፈርቱ ከአዲስ አበባ ይወርዳል፤ ድል ጮራና ሳቢያን ግን የከተማው ሆስፒታሎች ናቸው፤ ደሙን የሚጠቀሙትም እነሱ ናቸው። የሚጠቀም መሥሪያ ቤት ለማስተማሩም ይክፈል፤ የእኔ አቋም ይህ ነው።

የምክር ቤት አባላት ሆይ፣ በጀቱን ልታጸድቁ በምትቀመጡበት ቀን አንድ ነገር ጠይቁልን፤ ከዚህ ውስጥ ለሐምሌና ለነሐሴ፣ ለረመዳን ማታ፣ ለቀስቃሹ ስልክና ድል ጮራ ለሚቀመጠው አስተባባሪ የተያዘው ስንት ነው? መልሱ ዜሮ ከሆነ ጥራዙን መልሱት።

እናንተ አንባቢዎች ደግሞ፣ ዕድሜያችሁ ከ18 እስከ 65፣ ክብደታችሁ 45 ኪሎና ከዚያ በላይ ከሆነና ጤነኛ ከሆናችሁ በዓሉን አትጠብቁ፤ ሐምሌ ላይ ደም ባንክ ሂዱ፣ ከሦስት ወር በኋላ ተመልሳችሁ ሂዱ። ዓይናችሁን ለመለገስ ካሰባችሁም ካርዱን ኪሳችሁ ውስጥ ከማስቀመጣችሁ በፊት ዛሬ ማታ ለቤተሰባችሁ፣ ከዚያም ለእድራችሁ ወይም ለአፎሻችሁ ሰብሳቢ ንገሩ።